ማን ይቅደም?

ልጅቷ ከመርካቶ ዕቃ ለቃቅማ በእጇ የገጠመችው ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሲስተም፣ ለራሷ ሊኑክስ፣ ለታላቅ ወንድሟ ለይትባረክ ዊንዶውስ ጫነች። ሲበራ ቀድሞ የሚከፈተው የሷ እንዲሆን አደረገች፤ ማንም ሳያስተምራት የሠራችው እሷ አይደለች? በማግስቱ ግን የወንድሟ ቀድሞ ተከፈተ። መለሰችው። ደግሞ ተገለበጠ።

በአራተኛው ቀን ደሟ ፈላ። "አንተ ዓይንህን በጨው የታጠብክ! አትንካው አላልኩህም?"

"እኔ? ማብሪያውን እንኳ በመከራ ነው የማገኘው!" አለ ይትባረክ።

"ልጄን ተይው፤ እኔ ነኝ" አለች ሁልጊዜ ከኋላዋ ተቀምጣ ምስር የምትለቅመው እናታቸው። "ታላቅ እያለ ታናሽ ይቀድማል እንዴ?"

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። "ይሄን ደግሞ ማን አስተማረሽ?"

እናቷ ከምስሩ ጠጠር አውጥታ ጣለች።

"አንቺንስ ማን አስተማረሽ?"