ጾሙ ያላከሳት ድመት

የታኅሣሥ ብርድ ስለጠና የኮንዶሚኒየሙ ሴቶች ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ወሬያቸው ስለ ሽሮ ነው፤ ሁሉም ተጋግዘው ስለሚመግቧት የደረጃው ድመት።

«ጾሙ ከገባ ጀምሮ የምንሰጣት ምስር ብቻ ነው» አለች ትርንጎ። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ሆድ ከየት መጣ? ከመሃላችን የገደፈ ሰው አለ።»

«እኔን ተዪኝ» አሉ እትዬ ወርቅያንጥፉ። «ሥጋ የማኝክበት ጥርስ የለኝም።»

ሁሉም ሳቁ። ሦስተኛ ፎቅ የገባችው ሙሽራ ግን ሳቅ አልመጣላትም። ጠዋት ጠዋት በሯን ቆልፋ እንቁላል ትቀቅላለች። አስኳሉ ስለሚሸታት ለሽሮ ትሰጣታለች። እንቁላሉን ያዘዘላት ሐኪም ነው፤ ለምን እንዳዘዘላት ግን ከባሏ በቀር ማንም እንዲያውቅ አትፈልግም።

«አስናቀች ናት» ቀጠለች ትርንጎ። «ትናንት ድመቷ ከቤቷ ስትወጣ አይቻለሁ።»

እዚያው ፀሐይ ስትሞቅ የነበረችው አስናቀች ዓይኗ እንባ አቀረረ። ነጠላዋን ሰብስባ ልትሄድ ተነሣች።

«ተቀመጪ፣ እኔ ነኝ» አለች ሙሽራዋ። «እንቁላል እየበላሁ አስኳሉን ለሷ እሰጣታለሁ።»

እትዬ ወርቅያንጥፉ ድመቷን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ሆዷን ቀስ ብለው ዳበሱ።

«አስኳል እንዲህ አይራገጥም» አሉ። «አርግዛለች።»

ትርንጎ አቀርቅራ ጫማዋን ማየት ጀመረች። ሙሽራዋ በከንቱ መናዘዟ አናዷት ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትል፣ እትዬ ወርቅያንጥፉ እጇን ያዝ አደረጉ።

«አስኳሉ ይሸትሻል እንዴ?»

«በጣም።»

«አንቺስ ታዲያ ስንተኛ ወርሽ ነው?»