አርባኛዋ ሴት

«ቆይ፣ ቆይ። እሱን መልሰሽ አንብቢው» አለች ሩቅያ፤ ጠርዙን የምትሰፋውን ሽቲ ቀሚስ ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ።

ልጇ ሩዋይዳ ሰዓቷን አየች። ስድስት ተኩል አልፏል። አዲስ አበባ ለሚካሄደው ጉባኤ ጥናት ማስገቢያው ሰባት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ድንበር ማዶ ባለችው የወደብ ከተማ የሚኖሩበት የካርቲዬ ሁለት ሰፈር መብራት ደግሞ አይታመንም።

«ኡሚ፣ ጊዜ የለኝም እኮ።»

«ከኔ አፍ የወጣውን ነው ያነበብሽው። መልሺው አልኩሽ።»

ሩቅያ አንዴ ካለች አለች ነው፤ ይህን የንግድ ዕቃ ስታሻግር የሚያገኟት የጉምሩክ ሰዎችም ያውቁላታል። ሩዋይዳ በረጅሙ ተነፈሰችና በፈረንሳይኛ የጻፈችውን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበች። «ከተጠየቁት አርባ ኢትዮጵያውያን ሴቶች አርባኛዋ ከኤርትራዊት ጎረቤቷ ጋር ለዓመታት ግድግዳ ተጋርታ ኖራለች። 'በጉርብትና ደስ ይለኛል' ትላለች። ልጇን ለእነሱ ልጅ ስለመዳር ስትጠየቅ ግን መልሷ 'በጭራሽ' ነው። ጦርነቱ ካበቃ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላም ጥላቻው ከደጅ አልፎ ደም ውስጥ እንደገባ ያሳያል።»

«ጥላቻ ብለሽ ጻፍሽ? እኔን?»

«ስምሽ የለበትም፤ አርባኛዋ ሴት ነው የሚለው። ደግሞስ ስጠይቅሽ ምን አልሽኝ? 'ወላሂ አይደረግም!' ብለሽ መቀሱን አልወረወርሽም?»

«ወረወርኩ! እንዴት አልወረውር! እነሱ ስትዪኝ ለኔ እነሱ አንድ ቤት ናቸው። የጎረቤቴ የናዒማ ቤት። የጡት ወንድምሽን እንዴት አድርጌ ነው የምድርልሽ?»

የሩዋይዳ ጣቶች ኮምፒውተሩ ላይ ቀሩ።

«የምን ወንድም?»

ሩቅያ ሽቲውን ከጭኗ አንስታ ከጎኗ አስቀመጠችው። የልጁን ስም ከጠራችው አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል።

«ረምዚ ይባላል። ናዒማ እሱን በወለደች በወሩ ታይፎይድ ጣላት፤ ሁለት ወር ሆስፒታል ተኛች። አንቺ በቀኝ፣ እሱ በግራ። ሆዳም ነበር አቦ፣ የሱን ጨርሶ ወዳንቺ ይዞር ነበር። እንግዲህ ከአንድ ጡት የጠባ ይጋባል? ሐራም አይደለም? እኔ ያልኩሽ እሱን ነው።»

«ወንድም ነበረኝ? ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ?»

«አስተካክይው። ሰዓትሽ ደረሰ።»

ሩዋይዳ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ላብ ይሁን ሌላ አልታወቀም። «ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ የለውም፣ ኡሚ። ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ማለት ቅርብ፣ አምስት ማለት ሩቅ። ለጋብቻው ጥያቄ አምስት ነበር ያደረግኩሽ። ከፈለግሽ ላውጣሽ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ሴት ይበቃኛል።»

«አታወጪኝም። አስተካክይኝ ነው ያልኩሽ።»

አምስቱ አንድ ሆነ። ስለ ደም የሚለውንም ዐረፍተ ነገር አጠፋችው። ሩቅያ ሽቲውን አንስታ መርፌዋን ያዘች፤ ግን አልሰፋችም።

«የጉርብትናውን ስንት አልሽው?»

«አንድ። እሱ ጥሩ ነው፣ አልነካውም።»

«አምስት አድርጊው።»

«ኡሚ! አሁን ደግሞ ምን መጣ?»

«ዋሽቼሽ ነው። ልጄ ጠየቀችኝ፣ አፈርኩ፣ ዋሸሁ።» መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው። «ጦርነቱ ሲነሳ ገበያው ለሁለት ተከፈለ። ከኤርትራውያን ጋር የታየች ነጋዴ ዕቃ አይሰጣትም ተባለ። እኔም በሬን ዘጋሁ። ዕቃው ሰበብ ነው፤ ማንም ቢላ ይዞ አልመጣብኝም። ናዒማ ስታልፍ ፊቴን አዞርኩ። ከአንድ ቧንቧ እየቀዳን፣ እሷ እስክትጨርስ ከውስጥ ሆኜ ጠበቅኩ። አንድ ዓመት እንዲያ።»

ከውጭ የመኪና ጥሩንባ ተንጫጫ። ከድሬ የሚመጣው ጫት ገባ ማለት ነው፤ ሰባት ሊሆን ነው። ሩዋይዳ ሰዓቷን አላየችም።

«የሄዱ ዕለት ጠዋት መኪና በር ላይ ቆመ። ዕቃ ሲጫን እሰማለሁ። ከዚያ አንኳኳች። 'ሩቅያ፣ መሄዳችን ነው፤ አውፍ በይኝ' አለች። እሷ እኮ ናት ይቅር በይኝ ያለችው! ልጁ ከሥሯ ሆኖ ያንቺን ስም ይጣራል፤ ሩዊ፣ ሩዊ እያለ። አንቺ አቤት ልትዪው አፍሽን ስትከፍቺ በመዳፌ አፈንኩሽ። ነከስሽኝ። መኪናው ተነስቶ ድምፁ እስኪጠፋ አለቀቅኩሽም።»

ሩዋይዳ አንዱን ወደ አምስት ለወጠችው፤ ቆይታ ደመረችው።

«ያው ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ምኑ?»

«ድምሩ። አንዱ ወረደ፣ አንዱ ወጣ። ለጥናቱ ምንም አልተለወጠም።»

«እንግዲያው ላኪው።»

ተጫነችው። መድረሱን የሚናገር አንዲት መስመር ጽሑፍ ወጣች። ሩዋይዳ አላነበበቻትም። ተነስታ ከእናቷ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«የትኛው እጅሽ ነው?»

ሩቅያ ቀኝ እጇን ሰጠቻት። ልጅቷ መዳፉን ወደ በሩ ብርሃን አዙራ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ቀስ እያለች፣ እንደገና። የመርፌ ውጋት ያጠነከረው ቆዳ ነበር። የጥርስ ምልክት አልነበረበትም።