የአክስት ዶርካስ ቤትና የታሰረው ሻንጣ

«ሌቪ፣ ያን ሻንጣ ወደነበረበት መልሰው!»

ዶርካስ በሩ ላይ ቆማለች... ፊቷ አመድ መስሏል።

እኔ በአንድ እጄ መዶሻ፣ በሌላው ሻንጣዋን ይዤ ተንበርክኬያለሁ።

(ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው። ቀንና አንዳንድ ንግግር ልሳሳት እችላለሁ። የመንደሬ ሰዎች ካነበባችሁት አርሙኝ። ሻንጣውን ግን አልሳሳትም።)

ነገሩ እንዲህ ነው...

መንደሩ ሁሉ በአክብሮት «አክስት» የሚላት ዶርካስ ፔሊ ብቻዋን ትኖርበት የነበረው ቤት ካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ፣ በእኛ የባሕር ዳር መንደር ያለ የመጨረሻው ጥንታዊ ቤት ነው። መርከበኛው ቅድመ አያቷ የሠራው።

ጣሪያው ያፈስ ነበር። በሚቀጥለው ማዕበል ይወድቃል እያልን እንሰጋ ነበር።

በግንቦት አንድ ማለዳ አርባ ሰው ሆነን፣ መሰላል ተሸክመን ሄድን።

አላንኳኳንም። እኛ ዘንድ የሚያንኳኳ እንግዳ ወይም ፖሊስ ነው... ጎረቤት ዝም ብሎ ይገባል።

አናጺው ሄድሊ ገና ሲገባ፣ «አክስት ዶርካስ፣ ሻይ ይጣዱ! ቤትዎን ልናድንልዎ መጥተናል!» አላት።

ኮቷን ለብሳ ነበር።

«በጠዋቱ ዘንጠሽ ወዴት ነው? ባል ተገኘ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባት።

«የትም...» አለች።

ኮቷን አውልቃ ሻይ ጣደች።

ሦስት ወር ሠራን። የበሰበሰውን ጣውላ ነቀልን። ግድግዳውን እንደ አባቶቻችን ቀይ አፈር በዓሣ ዘይት በጥብጠን ቀባነው።

የመንደሩ ሱቅ በር ላይ ፎቶዋን ለጥፈን ከሥሩ ጻፍንበት፦ «አክስት ዶርካስ ከቤቷ አትወጣም!»

ሁሉም ያጨበጭባል... እሷ ግን እየከሳች ሄደች።

አንዳንዴ ታለቅሳለች። «ደስታ ነው» አልን።

ነሐሴ ላይ የመኝታ ቤቷን ወለል ስጠግን ከአልጋው ሥር ሻንጣውን አገኘሁት። በገመድ ታስሯል። ገመዱ ላይ የመርከብ ትኬት ተሰክቷል...

ቀኑን አነበብኩት። መሰላል ይዘን የገባንበት ቀን ነው! ያኔ ነው ዶርካስ በሩ ላይ ደርሳ የጮኸችብኝ።

«ዶርካስ... ልትሄጂ ነበር እንዴ?»

አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«እህቴ ቬርና ባሕር ማዶ፣ ሃሊፋክስ ከተማ ናት። መርሳት ጀምራለች፣ ሌቪ። ስሜን ሳትረሳው ልድረስባት ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አርባ ሰው ጣሪያዬ ላይ ተሰቅሎ? ሄድሊ ከመሰላል ወድቆ እጁን ሰብሮ፣ በማግስቱ በአንድ እጁ ሲሠራ እያየሁ ‹ተዉት፣ እኔ ቤቱ በቃኝ› ልበል? በየት አፌ?»

የአልጋ ልብሱን በእጇ እየዳበሰች ቀጠለች...

«ሚስማር በመታችሁ ቁጥር እኔን ከወለሉ ጋር የምትቸነክሩኝ ይመስለኝ ነበር። ለማንም እንዳትናገር።»

እኔም አልተናገርኩም።

ይህን ስጽፍ አፍራለሁ... ሰዉ ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ አሥራ አንድ ቀን ዋጥኩት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሰዉ ተሰብስቦ ስለ ቤቱ ምርቃት ኬክ ሲከራከር አላስቻለኝም። ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ሄድሊ በጀሶ እጁ ጠረጴዛውን ደበደበ። «ታዲያ ያን ሁሉ ጣሪያ የመታሁት ለማን ነው? ለባሕር ወፍ?!»

ከዚያ ኮፍያውን አነሳ። «ምን ታዩኛላችሁ? ተነሱ! ሻንጣዋን ማን ይሸከማል?»

በማግስቱ ሸኘናት።

የመጨረሻውን ወሬ የሰማሁት ጥቅምት መጀመሪያ፣ ሐሙስ ዕለት ይመስለኛል። ራሷ ደወለች።

«ረስታኛለች፣ ሌቪ። ‹ጥሩ ሴት ነሽ፣ የማን ልጅ ነሽ?› ትለኛለች... በግንቦት እኮ ስትደውልልኝ በስሜ ነበር የምትጠራኝ።»

ከዚያ፣ «ቤቱስ?» አለችኝ።

«አያፈስም» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ አልደወለችም።

ወዳጆቼ... ሰውን ከመርዳታችሁ በፊት ምን እንደሚፈልግ ጠይቁት። ውለታ አፍ ይዘጋል። እኛ ክፉ ሰዎች አልነበርንም፤ አንዲት ጥያቄ ነው ያጎደልነው።

እናንተስ... ሰዎች ለእናንተ ብለው ሲደክሙ እያያችሁ «ይቅርብኝ» ማለት አቅቷችሁ ያውቃል? ምን አደረጋችሁ? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።