ርካሹ ጋዝ

አባትየው ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቷል። ዕድሜውን የፈጀው የተፈጥሮ ጋዝ ማውጫ ውስጥ፣ የቧንቧ ግፊት ሲቆጣጠር ነው። ልጁ ደግሞ ለማውጫው ገንዘብ ይሰጥ ወይስ ይቅር ብሎ የሚወስነው ድርጅት ውስጥ አጥኚ ናት።

"ምን ወሰናችሁ?" ይላታል፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ።

"ገና ነው፣ አባዬ።"

"ካልሰጣችሁት ግን ይዘጋል አይደል?"

"ይዘጋል።"

ምግቡን ይነካካና ይተወዋል። አንድ ምሳ ላይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሳይጠጣ ውሃውን ትኩር ብሎ ሲያይ አየችው።

"ስለዚያ ጥናትሽ አንድ ነገር ልንገርሽ" ብሎ ጀመረ።

"አባዬ፣ የሥራ ነገር ቤት ውስጥ ባናወራ። ሕጉ አይፈቅድልኝም።"

"እሺ" አለና ውሃውን ጠጣ።

ጎረቤት ያለው ማውጫ የተዘጋ ጊዜ የአባቷ የልብ ጓደኛ ራሱን ሰቅሏል። አሁን የአባቷ ዓይን የዚያን ሰው ዓይን መሰላት። ይባስ ብሎ፣ እዚያው ማውጫ የሚሠራውን ታናሽ ወንድሟን በሩ ላይ ይዞ ሲለምነው ሰማች።

"ሥራውን ልቀቅ፣ ልጄ። በሞቴ።"

ቤተሰቡ "ቀጮ" የሚለው ወንድሟ ሳቀ። "ከቧንቧው የቀጠነ ሰው ሌላ ማን ይቀጥረዋል?"

አባትየው አልሳቀም። ነገሩን ሁሉ መልክ እያስያዘ ሊሰናበታቸው ነው ብላ ፈራች።

ጥናቷ ግን ማውጫውን የሚደግፍ አልነበረም። የጋዝ ፍላጎት ያድጋል፤ ነገር ግን አዳዲስ ሻጮች ገበያውን እያጥለቀለቁት ነው። ዋጋ ሲወርድ የሚተርፈው በትንሽ ወጪ የሚያመርት ብቻ ነው። የአባቷ ማውጫ ደግሞ ያረጀ፣ ወጪው የበዛ ነው።

ጥናቱ ሊያልቅ ሲል ማውጫው አዲስ ሂሳብ ላከ። የጥገና ወጪው ከግማሽ በታች ወርዷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን "እንዴት ተደርጎ?" ትል ነበር። ያን ቀን ግን የአባቷ ዓይን ፊቷ ድቅን አለባትና እንዳለ ተቀበለችው። "በዝቅተኛ ወጪ ከሚያመርቱት ተርታ የሚመደብ" ብላ ጻፈች። አለቆቿ ተስማሙ፤ ገንዘቡ ተፈቀደ።

ልትነግረው ደወለች፤ አያነሳም። ደጋግማ ሞከረች፤ አያነሳም። ከቢሮ ወጥታ ወደ ቤት ሮጠች። ደረጃውን እየዘለለች ወጣች። የፈሩት ይደርሳል አለች በልቧ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በመዳፏ ደበደበችው።

አባቷ ከፈተላት። በሕይወት አለ። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

"አይዘጋም፣ አባዬ። ፈቀዱ። ገና ብዙ ዓመት ይሠራል።"

አባትየው ክንዷን ከአንገቱ ላይ ቀስ አድርጎ አወረደ።

"ወንድምሽ የት ነው?"

"ፈረቃው ነው፤ ገብቷል።"

"እኔ እኮ፣ ጥገናውን ከተዉት ወዲህ፣ ቧንቧው ሳይፈነዳ ማውጫው እንዲዘጋ ነበር የምጸልየው" አላት።