ለትንሿ ጠረጴዛ የሚሆን ክብ

አብዱሰመድ ቢቸና ከታሰረ ወዲህ ሥራው ቆብ መሥራት ነው። ብረት ስለማይፈቀድ ኪሮሹን ከወይራ እንጨት ራሱ ጠርቦ ያወጣዋል። ሙያውን የተማረው ሞጣ ነው፤ እናቱ ዑሙሰልማ፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ አስቀምጣ አስተማረችው። እኩዮቹ የሴት ሥራ ያዘ እያሉ ሲስቁበት አደገ። አሁን የሚስቅበት የለም። ዑሙሰልማም የለችም። እሱ እዚህ እያለ ሞተች፤ አፈር ሳያለብሳት ቀረ።

ስጦታው የሚባለው ወጣት እስረኛ ክብ ዳንቴል አስተምረኝ ብሎ ሲመጣ፣ አብዱሰመድ በመጀመሪያ ያየው እጁን ነው። ሰፊ፣ ሻካራ የገበሬ እጅ። ልጁ የየጁቤ ሰው ነው፤ ወሬ አያበዛም። በምን እንደገባ አብዱሰመድ አልጠየቀውም። በዚያ ግቢ ይኽን መጠየቅ ነውር ነው።

«ለማን ነው?» አለው ብቻ።

«እሑድ እሑድ ለሚመጡት።»

እማማ ሀብትነሽን ግቢው ሁሉ ያውቃቸዋል። ጥቁር ለብሰው፣ አገልግል አንጠልጥለው ስጦታውን ሊጠይቁ ከሞጣ በአውቶቡስ ይመጣሉ። አብዱሰመድ ጠያቂ የለውም፤ ስለዚህ የአገሩን ወሬ የሚሰማው ከእሳቸው ነው። ዝናቡ እንዴት እንደሆነ፣ ገበያው ወዴት እንደተዛወረ ይነግሩታል። ልጁ የጁቤ፣ እናትየዋ ሞጣ መሆናቸው መጀመሪያ ገርሞት ነበር። ከባላቸው ተለያይተው ኖረው ይሆናል ብሎ ተወው።

ጠባቂው የመጣውን ምግብ ሁሉ ያመጣውን ሰው ያስቀምሳል። እማማ ሀብትነሽን ግን ከአንድ ጥግ አስቀምሶ አይበቃውም፤ ከዚህም ከዚያም እያለ ያስቆርሳቸዋል። አንድ ቀን አብዱሰመድ ተናዶ፣ እናት ናቸው እኮ፣ ይኽን ያህል ምን ያደርጋል አለው። ጠባቂው አየት አደረገውና ሌላ ጥግ አስቆረሰ።

ዳንቴሉን ያዘዙትም፣ ነጩን ክር ያመጡትም እሳቸው ናቸው። ከመስኮቴ ሥር ትንሽ ክብ ጠረጴዛ አለች፣ ባዶዋን ማየት ሰለቸኝ አሉ። አብዱሰመድ፣ እኔ ቶሎ አደርስልዎታለሁ ብሎ ነበር።

«እጅህ ይባረክ» አሉት። «እኔ የፈለግሁት ግን የሱን እጅ ነው።»

ትምህርቱ ከበደ። ስጦታው ክሩን ይጎትታል። የክሩ ዓይን ይታነቅና ኪሮሹ አልገባ ይላል። ክብ እንዲሰፋ በየዙሩ ዓይን መጨመር አለበት፤ ካልተጨመረ ጠርዙ ይሰበሰብና እንደ ጣባ ይጎደጉዳል። ስጦታው መጨመሩን ይረሳል። ሲያስታውስ ደግሞ ያበዛዋል፤ ያኔ ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ይጨማደዳል።

አብዱሰመድ የጎደጎደውን አንሥቶ የልጁ አናት ላይ ደፋለት።

«ቆብ ወጣልህ። ዓርብ አብረን ልንሰግድ ነው?»

ስጦታው ሊስቅ ጀመረና ተወው። ቆቡን አውርዶ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ ድረስ ፈታው።

«አትነቀው» አለው አብዱሰመድ። «ምን በደለህ? ለቀቅ አድርገው፣ ክሩ ራሱ ቦታውን ያገኛል።»

እንዲህ እየሠራ እየፈታ ክረምቱ ገባ። ነጩ ክር ከእጁ ላብ የተነሣ ግራጫ መሰለ። አንድ ማለዳ ኪሮሹን አስቀምጦ፣

«እንቢ ቢሉስ?» አለ። «ከእጄ ባይቀበሉኝስ?»

«እናት ትቀበላለች።»

ስጦታው ክሩን ጣቱ ላይ ጠመጠመ። ኪሮሹን አንሥቶ ቀጠለ።

እሑድ ሲሆን ልጁ በመጠየቂያው ቦታ ከአግዳሚው ማዶ ይቆማል፤ እሳቸው እስኪሄዱ አይቀመጥም። አንቱ ይላቸዋል። ይኽ አብዱሰመድን አልደነቀውም፤ በዚያ አገር እናቱን አንቱ የሚል ሞልቷል። ያስከፋው ሌላ ነው። አይስሙትም። ሲመጡም፣ ሲሄዱም፣ በዓል ሆኖም አይስሙትም። አንድ ጊዜ አብዱሰመድ እዚያው አጠገባቸው ክር ሲያጠነጥን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ ሰማ።

«ውሃ ጠይቆ ነበር?»

«ጠይቋል።»

«ሰጠኸው?»

«ሰጠሁት። ጥቂት ጠጣ።»

እማማ ሀብትነሽ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። አባትየው ሲሞት አልደረሱም ማለት ነው፣ ሲል አብዱሰመድ አሰበ። ጥቁሩ ለዚያ ነው። ልጁን የቀየሙትም ለዚያ ይሆናል። እሱም የእናቱን የመጨረሻ ሰዓት የሚነግረው ሰው ቢያገኝ እንዲሁ ይጠይቅ ነበር፤ ውሃ ጠይቃ እንደሆነ፣ የሰጣት እንደነበረ።

መስከረም ላይ ክቡ ተኛ። ስጦታው ሲሚንቶው ላይ ዘረጋውና ጠርዙን ዙሪያውን በመዳፉ ዳበሰው። የትም ቦታ አልተነሣም። አብዱሰመድ እጥፋት ሊፈልግለት ጎንበስ አለ፤ አላገኘም።

እሑድ ስጦታው ክቡን በሁለት እጁ ዘርግቶ፣ አንገቱን ደፍቶ አቀረበ። እማማ ሀብትነሽ እጆቹን ትክ ብለው አዩ። ብዙ አዩ። ከዚያ ተቀበሉት። አግዳሚው ላይ ዘርግተው ጠርዙን ዳሰሱና፣ ተኝቷል አሉ። አገልግላቸውን መክደን ጀመሩ።

አብዱሰመድ አልቻለም።

«እማማ» አለ። «እኔ እናቴን ሳልቀብር ቀርቻለሁ። ለሱ ግን እርስዎ አሉለት። ይቅር ባይሉትም እንኳ ልጅዎን ሳይስሙት አይሂዱ።»

ጠባቂው ዞረ። ስጦታው ባለበት ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ።

እማማ ሀብትነሽ የያዙትን አስቀመጡ። ከጉያቸው በነጠላ የተጠቀለለ ባለመስታወት ፎቶግራፍ አወጡና ክቡ መኻል ላይ አቆሙት። አብዱሰመድ የማያውቀው ፍንጭት ወጣት ነው፤ ይስቃል። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው መስታወቱን ሳሙ።

«ልጄንማ ሳምሁት» አሉ። «ይኽ ገዳዩ ነው።»