ሳጥኑን የተሸከሙት

ሁለቱ ተወዳዳሪዎች፣ ሰብስቤና ፈይሳ፣ ማን እንደመረጣቸው እንዳያዩ ፊታቸውን ወደ አዳራሹ ግድግዳ አዙረው ቆሙ። የእድሩ አባላት ሊቀመንበር እንዲሆን ከሚፈልጉት ሰው ጀርባ እየሄዱ ተሰለፉ። መሐል ላይ ዘመናይ ብቻ ቀረች። የባሏን አስከሬን ሳጥን ከፊት የተሸከመው ሰብስቤ ነበር፤ ከኋላ ደግሞ ፈይሳ። የሁለቱንም ትከሻ እያየች የማንን ውለታ እንደምትረሳ ጨነቃት።

«እትዬ ዘመናይ፣ ይወስኑ እንጂ» አላት በቅርቡ የተቀጠረው ጸሐፊ። «ሁለቱ ሰልፎች እኩል ሆኑ።»

ያን ጊዜ ከኋላዋ ደረቅ ሳል ሰማች። የናዝሬት አቧራ ለዓመታት ያስለው የነበረው የባሏ ሳል ነበር። አልዞረችም። ጆሮዋ ሥር ቀዝቃዛ ትንፋሽ ነካት።

«ሰብስቤ እስከ መቃብሩ ድረስ ሲያንገጫግጨኝ ነበር» አላት፣ ቤት ውስጥ ሲያማርር በነበረበት ድምፅ። «ወደ ፈይሳ ሂጂ።»

እግሯ ራሱ ወሰዳት። ከፈይሳ ሰልፍ መጨረሻ ቆማ ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች። ጸሐፊው እያንዳንዱን ሰው በጣቱ እየጠቆመ ቆጥሮ እሷ ዘንድ ደረሰ። እንዲያቆም ጠበቀች። ጣቱ ግን እሷን አልፎ ወደ ኋላዋ ጠቆመ።

«ጋሼ፣ እርስዎም ጠጋ ይበሉ» አለ።