ከእጅጉ ቀጥሎ ያለው ቢት

የባዬ በርበሬ አበባውን ማርገፍ ጀመረ። ከድንበሩ ማዶ የእጅጉ በርበሬ ለምልሟል። ሁለቱም ማሳዎች ከማንኩሳ በታች፣ አንድ ቦይ ላይ ናቸው።

ዘንድሮ በቦዩ ላይ የየማሳው መዝጊያ በሞተር ሆኗል። ሞተሩን የሚያዝዘው ዓፊፋ የጻፈችው ፕሮግራም ነው። ዓፊፋ የጠሃ ልጅ ናት፤ ጠሃ ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ አለው። ጠሃና ባዬ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ወዳጆች ናቸው።

ሲመሻሽ ለየገበሬው ስልክ ይደወላል። የሚሰማው የጠሃ ድምፅ ነው። ገበሬው እንዳይደናገር ብላ ልጁ ቀድታዋለች። «ነገ ውሃ ይፈልጋሉ?» ይላል። ገበሬው አንድን ወይም ዜሮን ተጭኖ ይመልሳል። በማግስቱ መዝጊያው እንደ መልሱ ይሠራል።

የባዬ መዝጊያ አንድም ቀን አልተከፈተም።

ባዬ በጋሪ ተሳፍሮ ፍኖተ ሰላም ገባ። ሱቁ ውስጥ እጅጉ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«ባዬ! ና ግባ» አለ ጠሃ። «ሻይ ላስቀዳልህ።»

«አሁን ጠጥቼ መጣሁ።»

«ዳቦ ልቁረስልህ።»

«ኧረ ጠግቤያለሁ።»

ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

«በሞቴ! ወላሂ ሳትቀምስ አትወጣም።»

ባዬ ተቀመጠና በላ። እጅጉ ማንም ሳይለምነው ሁለተኛውን ቁራሽ አነሳ።

«አንተማ እንኳን ዳቦው ውሃውም አልቀረህ» አለው ባዬ።

«ሲሰጡኝ እቀበላለሁ። ምን ነውር አለው?»

ባዬ ወደ ጠሃ ዞረ። «መዝጊያዬ ምን ሆነ?»

«ልጅቷን እጠይቃታለሁ» አለ ጠሃ። ቀጥሎም፣ «ዘንድሮ የእጅጉን በርበሬ ልገዛ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ከሌላ እንዳትሰማው» አለ።

ባዬ የያዘውን ዳቦ አስቀምጦ ተነሳ።

ማታ ንግሥቴ፣ ሚስቱ፣ እራት አቅርባ ጠየቀችው። «ስልኩ ምን ይልሃል?»

«ይጠይቀኛል። እመልሳለሁ። ከዚያ ጥርቅም ያደርገዋል። ጠሃ ድሮ እንዲህ አልነበረም።»

«ሰው ተለወጠ በለኛ።»

«ተለወጠ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገበሬው ቦዩ ዳር ተሰበሰበ። ዓፊፋ ከአባቷ ጋር በባጃጅ መጣች። ላፕቶፗን ድንጋይ ላይ ዘረጋች።

«ጋሽ ባዬ፣ እዚህ ኔትወርኩ ደካማ ነው» አለች። «ስለዚህ መልሱን አሳንሼ ነው የምልከው። ለአንድ ማሳ አንድ ቢት። ቢት ማለት አንዲት ፍሬ ብቻ የምትይዝ ጎታ በሉት። ወይ አንድ ይይዛል፣ ወይ ዜሮ። አንድ ከሆነ ይከፈታል፣ ዜሮ ከሆነ ይዘጋል። ሌላ ነገር የሚገባበት ቦታ የለውም።»

በላፕቶፑ ስክሪን ላይ አንዶችና ዜሮዎች ተሰልፈዋል።

«በቀኝ ጫፍ ያለው የጋሽ እጅጉ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የእርስዎ።»

«የእሱ ምን ይላል?»

«አንድ።»

«የኔስ?»

«ዜሮ።»

ሰው አጉረመረመ።

«ቦታው ተምታቶ እንዳይሆን» አሉ የውሃ አባቱ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ የቦዩን ተራ የሚዳኙ እሳቸው ነበሩ።

«እንፈትነው» አለች ዓፊፋ። ፕሮግራሙ በተጻፈበት ቋንቋ፣ በፓይተን፣ አንዲት መስመር ጻፈች። አንዲት አንድን ከቀኝ ጫፍ አንድ ቦታ ወደ ግራ ገፋችና ከሰልፉ ጋር አዋሃደቻት። የባዬ ዜሮ አንድ ሆነ። ሞተሩ አጓራ። የባዬ መዝጊያ ተነሳ፤ ውሃው ወደ ማሳው ገባ።

«አያችሁ፣ ቦታው ልክ ነው!» ብላ ፈገግ አለች።

ሌላ ፈገግ ያለ የለም።

«አየን» አለ ባዬ። «የሚከፍተውም የሚዘጋውም ያንቺ እጅ ነው።»

«ኧረ ጋሽ ባዬ! እኔ አልነካውም። ስልኩ ሲደወልልዎት...»

«መልሻለሁ! አንድም ማታ አላሳለፍኩም። ያውም እንደ ጨዋ ሰው ነው የመለስኩት።»

«ባዬ፣ በአላህ...» አለ ጠሃ።

«ተወኝ ጠሃ። ይህችን ልጅ በጀርባዬ አዝያታለሁ። አሁን የእጅጉ በርበሬ ጣፈጠህ። እርሻዬ የደረቀው ያንተን ድምፅ እየሰማሁ ነው።»

እጅጉ ሊናገር አፉን ከፈተ። «አንተማ ዝም በል፣ ጠግበሃል» አሉት ገበሬዎቹ።

ሥራውንም ከዓፊፋ ወሰዱባት። ላፕቶፗን አጥፋ ወደ ባጃጁ ሄደች። ሳምንት ሳይሞላ ሥራ ፍለጋ ቡሬ ሄደች። ጠሃ ሽማግሌ ላከ። ባዬ ሽማግሌዎቹን ውሃ እንኳ ሳያቀምስ ሸኛቸው።

በእሷ ቦታ አሸናፊ የሚባል ልጅ ተቀጠረ። ፕሮግራሙን መርምሮ ምንም ስህተት አላገኘሁበትም አለ። ይህንንም ከዓፊፋ ጋር ተመሳጥሮ ነው አሉት። ያን ጊዜ የጠሃን ድምፅ አጠፋና የእህቱን ድምፅ ቀዳበት።

ያ የእሑድ ውሃ የባዬን በርበሬ ግማሽ አትርፎታል። የተረፈው አንድ ውሃ ካገኘ ያፈራል።

ሲመሻሽ ስልኩ ጮኸ። ንግሥቴ ቀረብ ብላ አዳመጠች።

«አባቴ፣ ነገ ውሃ ይፈልጋሉ?» አለች ልጅቷ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

«ይች እንኳ የጨዋ ልጅ ናት» አለ ባዬ።

እንደ ወትሮውም ዜሮን ተጫነና፣ ልጅቷ «በሞቴ» እስክትለው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ጠበቀ።